ለሙሽራው የማይበቃ መረጃ

ሒሳብ ሳይሠራ ሒሳብ ዐዋቂ የሆነ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ደርግ በትኖን ጄኔቭ የከተምን ሰሞን የተዋወቅሁት ታደሰ እንዲህ ነበር። ለኮሌጅ መግቢያ የሚያጠናው የሒሳብ ፈተና መልሱን አይጠይቅም፤ የተሰጠው መረጃ መልሱን ለማግኘት ይበቃል ወይስ አይበቃም ብቻ ነው የሚለው። ለሰነፍ ከዚህ የበለጠ መና ከየት ይመጣል?

እንጀራው የምንጣፍ ማጽጃ ማሽን እየዞሩ መሸጥ ነው። ስደት ነውና ሦስት ሽማግሌ ቢጠፋ፣ ልጅ እንድጠይቅለት እኔን ብቻዬን የልጅቷ ቤተሰቦች ወደሚኖሩበት፣ ጄኔቭ ዳር ወዳለው ካሩዥ ሰፈር ላከኝ።

«ለመሆኑ ገቢው ስንት ነው?» አሉኝ የልጅቷ አባት።

«ከሸጠው ላይ ከመቶ ሃያ እጅ ኮሚሽን ያገኛል።»

«ስንት ይሸጣል?»

ታደሰ እንዳስጠናኝ ኮስተር ብዬ፣ «እሱ አልተሰጠም፤ ስለዚህ መረጃው አይበቃም» አልኳቸው።

«ልጄን ለመስጠት አይበቃም» አሉ ከመቀመጫቸው እየተነሡ፣ «ለመከልከል ግን ይተርፋል።»