አለቃ በእግር፣ ቦርሳ በመኪና

[ጠዋት። አለቃ አየር እንዳይበከል ብለው በእግር ሥራ መግባት ጀምረዋል። ደረታቸውን ነፍተው ከፊት ይራመዳሉ፤ ዞር ብሎ ማየት የሚባል ነገር አያውቁም። ሾፌራቸው ቦርሳቸውን የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ በአንደኛ ማርሽ መኪናዋን እያንፏቀቀ ይከተላቸዋል። አንገቱን በመስኮት አውጥቷል። ምስኪን፣ የሚያስጨንቀው አየሩ ሳይሆን የዕለት ጉርሱ ነው።]

አለቃ፦ ክላክሱን ተው አልኩህ እኮ! ጩኸትም ብክለት ነው።

ሾፌር፦ ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም። ከኋላችን የተሰለፉት ናቸው፤ መንገድ ዘጋችሁ እያሉ።

አለቃ፦ ይጩኹ! ሰው መኪናውን ቢተው ስንት አየር እንደሚድን መች ገባቸው?

ሾፌር፦ የትኛውን መኪና?

አለቃ፦ የራሱን ነዋ!

ሾፌር፦ ይቺን?

አለቃ፦ አዎ፣ ይቺን!

ሾፌር፦ [መሪውን እያየ] እኔ እንግዲህ ብዙም አልተማርኩም... ትተዋታል እንዴ?

አለቃ፦ ተሳፍሬባታለሁ?

ሾፌር፦ ኧረ በፍጹም!

አለቃ፦ እንግዲያው ትቻታለሁ። ምን ዓይነቱ ድንጋይ ራስ ነህ!

ሾፌር፦ ቦርሳውስ?

አለቃ፦ ቦርሳ እግር አለው?

ሾፌር፦ እሱስ የለውም።

አለቃ፦ እኔ ግን አለኝ። ትንሽ ነገር አትናቅ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማህም?

ሾፌር፦ ሰምቻለሁ። ግን እንቁላሉ ከኋላው መኪና ያስከትላል?

አለቃ፦ ዝም ብለህ ንዳ!

ሾፌር፦ ጋሼ... መኪናዋ ልትሸጥ ነው ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

አለቃ፦ ባዶዋን የምትዞር መኪና ምን ትሠራለች? ሰው ካልጫነች ትሸጣለች። ሾፌሩም ያው...

ሾፌር፦ ያው ምን?

አለቃ፦ ያው በእግሩ ይሄዳል። ለጤናም ጥሩ ነው!

[ሾፌሩ ቀና ሲል የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች መንገድ ዳር ታክሲ ሲጠብቁ አየ።]

ሾፌር፦ ሰው ካልጫነች ነው ያሉት?

አለቃ፦ ሰው ካልጫነች! ስንቴ ልንገርህ?

[መኪናዋ ቆመች። በር ተከፍቶ ተዘጋ፤ ደግሞ ተከፍቶ ተዘጋ።]

አለቃ፦ ምንድን ነው?

ሾፌር፦ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፣ ጋሼ።

አለቃ፦ ጎሽ! ለውጥ የሚመጣው በእነሱ ነው።

[መኪናዋ እንደገና ቆመች። የፊት በር ተከፈተ። መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ዘመም አለች።]

ሾፌር፦ ይሄኛው እንኳ ትንሽ ወፈር ይላል።

አለቃ፦ ምኑ?

ሾፌር፦ ነገሩ።

[ዳገቱ መጣ። አለቃ መሃል ላይ ቆመው ጉልበታቸውን ያዙ።]

አለቃ፦ እህህ... ለዛሬ አየሩ... ይበቃዋል። በሩን ክፈትልኝ።

ሾፌር፦ ሞልቷል፣ ጋሼ።

አለቃ፦ ምኑ ነው የሞላው?

[ዞር አሉ። ዘበኛው ከፊት ወንበሩን ሞልቶታል። ከኋላ ጸሐፊዋና ገንዘብ ያዥዋ ቦርሳውን መሃል አስቀምጠው ተጣበዋል። ሁሉም አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላምታ ሰጡ።]

አለቃ፦ ማን ፈቀደልህ?!

ሾፌር፦ እርስዎ ነዎታ! ሰው ካልጫነች ትሸጣለች አሉ፤ ጫንኩ። እነሱም እንደ እርስዎ ታክሲውን እርግፍ አድርገው ተዉት።

[ሦስቱ አጨበጨቡ። አለቃ ሊቆጡ የከፈቱትን አፍ ፈገግታ አደረጉት።]

አለቃ፦ ደግ... ደግ አድርገሃል። መኪናዋ አትሸጥም፤ አንተም በሥራህ ትቆያለህ። አሁን አንዳቸው ይውረዱልኝ።

ሾፌር፦ ኧረ ጋሼ! አርአያችን እርስዎ ከተሳፈሩ እኛ ማንን እናያለን? ይልቅ፣ ተላላኪዋ እዚያ ማዶ ቆማለች... [ቦርሳውን በመስኮት አቀበላቸው] ይሄ የሰው ቦታ ይዟል።