ስለ መጀመሪያው ጉድጓድ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀንና ሰዓት፦ ቅዳሜ ኖቬምበር 16፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት
ቦታ፦ ኖርሾፒንግ፣ የመኖሪያ ሕንፃው ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል አጠገብ የሚገኘው የድሮ ጌም ወዳጆች ማኅበር ክፍል

የተገኙ፦
1. አቶ ቢርየር ሳንዴሊን፣ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ የትራም (የከተማ ባቡር) ነጂ
2. ወ/ሮ ማይሊስ ኤክብላድ፣ ምክትል ሰብሳቢ፣ የሂሳብ መምህርት
3. አቶ ቶርኒ ቪክስትሮም፣ አባል፣ በወጣትነታቸው የከተማው የጌም ሻምፒዮን እንደነበሩ ራሳቸው የሚመሰክሩ
4. ሲክስተን ሎቭግሬን፣ ጸሐፊ
5. ወ/ሮ ጉንቮር ኦሳንደር፣ የ74 ዓመት ጎረቤት፣ ፎጣዎቻቸውን ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከተው፣ የልብስ ማድረቂያውን የብናኝ ማጣሪያ ሳያጸዳ የሄደው ማን እንደሆነ ለመጠየቅ ብቅ ያሉ

ምልዓተ ጉባኤ፦ ደንቡ አምስት ሰው ይጠይቃል። አራት ሆነን ስንተያይ ወ/ሮ ጉንቮር በሩን ስለከፈቱ ሰብሳቢው «ሞላ!» ብለው ስብሰባውን ጀመሩ። ወ/ሮ ጉንቮር የቀረፋ ዳቦ ሲቀርብላቸው ተቀመጡ። እግረ መንገዳቸውንም ይህን ቃለ ጉባኤ አንብበው በፊርማ እንዲያረጋግጡ በሙሉ ድምፅ ተመረጡ።

አጀንዳ 1፦ የጸሐፊው ሁኔታ

ዛሬ የሚታየውን «ፖስተኛዋ አይጥ» የተባለ ጌም የሠራው ጸሐፊው ነው። ከፖስታ አዳይነት ሥራው ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስዶ ሦስት ዓመት ለፍቶበታል። ሰኞ ጠዋት ወይ ጌሙን ለሕዝብ ይለቅቃል፣ ወይ ወደ ፖስታው ይመለሳል። ማኅበሩ የወሰነውን እቀበላለሁ ብሎ በበጋው ድግስ ላይ በሰው ፊት ቃል ገብቷል። አሁን ይቆጨዋል።

በደንቡ መሠረት ጉዳዩ የሚታይበት አባል መናገርም ሆነ ድምፅ መስጠት አይችልም። ስለዚህ ጸሐፊው ሌላ ሰው ይጻፍ ሲል ጠየቀ። ወ/ሮ ማይሊስ እጃቸውን እንደሚያማቸው፣ አቶ ቶርኒ ደግሞ የእጅ ጽሑፋቸውን ራሳቸውም ማንበብ እንደማይችሉ ገለጹ። ሰብሳቢው «ደንቡ አትናገር ይላል እንጂ አትጻፍ መች አለ?» አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ ጸሐፊው አፉን ዘግቶ እንዲጽፍ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ስለ ጌሙ የመጀመሪያ አስተያየት

ጆይስቲኩን በቅድሚያ ሰብሳቢው ያዙ። አይጧ የደብዳቤ ቦርሳዋን አንግታ ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለች ትሄዳለች። ሰብሳቢው ሥዕሉ የተሠራባቸውን ትልልቅ ባለቀለም ነጠብጣቦች አይተው፣ ጥሩንባ መሳይ ሙዚቃውን ሰምተው ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ «ልጅነቴን መለሰልኝ» ሲሉም ተናገሩ። ወዲያው በሁለት ጣሪያዎች መካከል ያለው የመጀመሪያው ጉድጓድ ውስጥ ወደቁ። በጠቅላላው አሥራ አንድ ጊዜ ወደቁ።

አቶ ቶርኒ «አምጣ ወዲህ! አንተ ትራም እንጂ አይጥ ነድተህ አታውቅ» በማለት ተረከቡ። አሥራ አራት ጊዜ ከወደቁ በኋላ የመዝለያው ቁልፍ መበላሸቱን አሳወቁ። ቁልፉ ተፈትሾ ደህና ሆኖ ተገኘ። አቶ ቶርኒ ደህና መሆኑ እንዳይመዘገብ ጠይቀዋል።

ወ/ሮ ማይሊስ ጉድጓዱ ሊዘለል እንደማይችል በወረቀት አስልተው አሳዩ፤ ከዚያም ዘጠኝ ጊዜ ወድቀው ስሌታቸውን አረጋገጡ።

ጉድጓዱ ይደፈን፣ ድልድይ ይሠራበት፣ አይጧ ክንፍ ይውጣላት የሚሉ ሐሳቦች ቀረቡ። አቶ ቶርኒ ደብዳቤው በኢሜይል ቢላክ አይጧ ቤቷ ተቀምጣ መዋል እንደምትችል አመለከቱ። ሰብሳቢው የድሮ ጌም እንዲህ አይከብድም ነበር ሲሉ፣ ወ/ሮ ማይሊስ «ይከብድ ነበር፤ እኛ ነን ያረጀነው» አሉ። ሰብሳቢው ይህ ቃል እንዲሰረዝ አዘዋል። ጸሐፊው መናገር ስለተከለከለ እሺም እምቢም ሳይል ጽፎታል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ጌሙ ለዓይን የሚያምር ቢሆንም ሰው የሚጫወተው ስላልሆነ እንዳይወጣ፣ ሲክስተንም ሰኞ ወደ ፖስታው እንዲመለስ በሦስት ድምፅ ተወሰነ። ወ/ሮ ጉንቮር አፋቸው ዳቦ ስለያዘ ድምፅ አልሰጡም። ጸሐፊው በጣም ከፍቶታል፤ ይህም እንዲመዘገብ ጸሐፊው ብቻውን ወስኗል።

አጀንዳ 3፦ ስለ ማጣሪያው

ወ/ሮ ጉንቮር የማጣሪያውን ነገር አነሱ። ሁሉም ወደ አቶ ቶርኒ ተመለከቱ። አቶ ቶርኒ ራሳቸው በሰጡት አንድ ድምፅ ነጻ ተባሉ። ሰብሳቢው ይህ አሠራር ደንብ ነው አይደለም እያሉ ሲከራከሯቸው፣ ወ/ሮ ጉንቮር ጆይስቲኩን አንስተው አይጧን ወደ ኋላ መለሷት፤ ከጣሪያው የኋላ ጫፍ ተንደርድረውም ጉድጓዱን ዘለሉት።

ሰብሳቢው «እንዴት አድርገሽ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ወ/ሮ ጉንቮር «ቦይ ስትዘሉ ቆማችሁ ነው እንዴ የምትዘሉት? ሰው ይንደረደራል እኮ!» ሲሉ መለሱ። ሦስቱም አባላት ሠላሳ አራት ጊዜ ሲወድቁ ወደ ኋላ መሄድ እንደሚቻል አላሰቡም።

ሰብሳቢው ውሳኔው እንደገና ይታይ አሉ። ወ/ሮ ማይሊስ የተወሰነ ነገር በዚያው ስብሰባ እንደማይከፈት ከደንቡ አነበቡ። አቶ ቶርኒ «እንግዲህ ይሂዳ! ፖስታም ሥራ ነው» አሉ። ወ/ሮ ጉንቮር ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ «እኔ ለነገሩ አባል አይደለሁም። ምን ፈርሜ ነው አባል የምሆነው?» አሉ።

አባላቱ ተቆጠሩ፤ አራት ሆኑ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ምልዓተ ጉባኤ ስላልነበረ ስብሰባው እንዳልተካሄደ፣ የተወሰነውም ሁሉ እንዳልተወሰነ ተወሰነ። አቶ ቶርኒ የማጣሪያው ነጻነታቸው ብቻ እንዲጸና ቢለምኑም ተቀባይነት አላገኙም። ጸሐፊው ግን ይህን ውሳኔ ያለ አንዳች ተቃውሞ ይቀበላል።

ስብሰባ ካልነበረ ክልከላም ስለሌለ ጸሐፊው ከተከለከለ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ «ጉንቮር፣ ሦስተኛው ጣሪያ ላይ ጭስ ማውጫው ውስጥ ግቢ» አለ።

ወ/ሮ ጉንቮር «አንተ ዝም በል፤ ራሴ አገኘዋለሁ» አሉት።

ጸሐፊው ዝም አለ። ሰኞ ጠዋት ግን ጌሙን ይለቅቃል።

ያልተካሄደው ስብሰባ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ተዘጋ። የወ/ሮ ጉንቮር የማጠቢያ ተራ አሥር ሰዓት ላይ አብቅቷል፤ ፎጣዎቹ ማሽን ውስጥ ናቸው።

የአረጋጋጯ ፊርማ፦ አይጧ ስትወድቅ እፈርማለሁ ብለዋል። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አልወደቀችም።