የሟቹ ኮት ለጠረን አገልግሎት ስለመዋሉ

በደብረ ታቦር ከተማ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ናቸው። ሳሙናን በመመሪያ ያገደ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእኛ ነው። ስሙን የማልጠራው አፍሬበት አይደለም፤ ሌሎቹ ቀንተው "ተሞክሮ እንቅሰም" እያሉ እንዳያስቸግሩን ብዬ ነው። እኔ በዚሁ መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። የተባለውን እጽፋለሁ፣ ያልተባለውንም እንደተባለ አድርጌ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ሁላችንም እንፈርምበታለን። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተፈረመበት እውነት ነው።

ኃላፊያችን አቶ ዘውዱ ታላቅ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው ሃምሳ አንድ ነው፤ ሚስት አላገቡም። ይህም ፈላጊ አጥተው ሳይሆን በሥራ ብዛት መሆኑን በሦስት የተለያዩ ስብሰባዎች ላይ ራሳቸው አብራርተዋል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ልባቸው መዝገብ ቤት ገብቶ ቀርቷል። መዝገብ ቤት ያለችው ፈንታነሽ ናት። ባሏ መምህር ብርሃኑ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። አቶ ዘውዱ በቀን አምስት ጊዜ ወደ እሷ ሄደው የተሰባበሩ ወንበሮችን ፋይል ያስወጣሉ፣ አምስት ጊዜ ይመልሳሉ። ፋይሉን ከፍተውት አያውቁም። እሷም ፈርማ ትሰጣቸዋለች፣ ፈርማ ትቀበላቸዋለች፤ ቀና ብላ ግን አታያቸውም።

ነገሩ የተጀመረው መስከረም መጨረሻ ላይ፣ አቶ ዘውዱ ባሕር ዳር ለሥልጠና የሄዱ ጊዜ ነው። አሠልጣኙ ረፋዱ ላይ የጠረንን ነገር አነሡ። እንስሳት ከሰውነታቸው በሚወጣ ፌሮሞን በሚባል ነገር እንደሚጠራሩ፣ ሰውም ሳያውቀው በጠረን ይመራረጥ ይሆናል ብለው የሚያስቡ ሊቃውንት እንዳሉ ተናገሩና፣ "ነገር ግን" አሉ። "ነገር ግን" ሲሉ የሻይ ሰዓት ደረሰ። አቶ ዘውዱ ለሻይ እንደወጡ አልተመለሱም። ዕውቀት ሲበዛ መሸከሙ ያስቸግራልና፣ ግማሹን ብቻ ይዘው በቀጥታ ወደ መኪና መናኸሪያ ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ሰበሰቡን።

"ሳሙና የሰው ልጅ ጠላት ነው" አሉ። "አምላክ የሰጠንን ጠረን እያጠብን እየደፋን፣ ከዚያ 'የሚፈልገኝ ጠፋ' ብለን እናለቅሳለን።"

የሰው ኃይሏ ስርጉት እጇን አወጣች። "ጌታዬ፣ እኛ ዘንድ እኮ ባለጉዳይ ይመጣል። ቢሸተውስ?"

"ይሽተው! ግልጸኝነት ማለት ይህ ነው።"

"ሽቶስ መቀባት ይቻላል?"

"ሽቶ ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ ነው።"

ከዚህ በኋላ ሦስት ሠራተኞች አንገታቸውን ደፉ፤ ማስረጃ ሲባል ሁልጊዜም ይደፋሉ። እኔም "የሳሙና ጎጂነት በሰፊው ተብራርቶ መተማመን ላይ ተደርሷል" ብዬ ጻፍኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላልና ሁላችንም ዝም ብለን ፈረምን። ቧንቧው ሥር የነበሩት አራት ሳሙናዎች በሞዴል 19 ዕቃ ቤት ገቢ ተደረጉ። አቶ ዘውዱ ለአርአያነት ከዚያ ዕለት ጀምሮ ገላቸውን መታጠብ አቆሙ።

ውጤቱ ሳይውል ሳያድር ታየ። የጥቅምትን ብርድ የማያውቅ ሰው ካለ ደብረ ታቦር ይምጣ፤ ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ አጥንት ይቆጥራል። በዚያ ብርድ ፈንታነሽ የመዝገብ ቤቱን መስኮት ወለል አድርጋ ከፈተችው። አቶ ዘውዱ በደስታ ጠሩኝ።

"አየህ? ሙቀት ተሰማት።"

"ጌታዬ፣ እያሳላት ነው።"

"መጀመሪያ ላይ ያስላል።"

በሳምንቱ ጠረጴዛዋን ወደ በሩ አስጠጋች። በሁለተኛው ሳምንት ከበሩ አውጥታ ኮሪደር ላይ አኖረችው። አቶ ዘውዱ ይህንን ሁሉ ስሜቷ መነቃነቁን አመልካች ነው ብለው አስመዘገቡኝ። ኅዳር ሲታጠን ደግሞ፣ ሰፈርተኛው ሁሉ በየደጁ ቆሻሻ ሲያቃጥል፣ ጎረቤቶቻችን የየቤታቸውን ጥራጊ ተሸክመው መጥተው እኛ በር ላይ ከምረው አጨሱት። በሽታው ከምንጩ ይጥፋ ብለው ነው። እኔ "ኅብረተሰቡ ለመሥሪያ ቤታችን ያለው ቅርበት ጨምሯል" ብዬ ጻፍኩ።

በዚያው ሰሞን የሥልጠናው ሙሉ ጽሑፍ በቴሌግራም መጣ። እንዳነበው ታዘዝኩና አነበብኩ። አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ የዚያ "ነገር ግን" ተከታይ ተቀምጧል።

"ጌታዬ፣ 'ነገር ግን ይህ ነገር በሰው ላይ እስካሁን አልተረጋገጠም' ይላል።"

"'ነገር ግን' የሚል ሠራተኛ አልወድም" አሉኝ። የዓመት ፈቃድ ጥያቄዬ ጠረጴዛቸው ላይ ከተኛ ሁለት ወር ሆኖት ስለነበር እኔም ከዚያ በኋላ አላልኩም።

የሳይንሱ ሁለተኛ ምዕራፍ የተከፈተው በዘበኛችን በአባባ ይሻው አማካይነት ነው። ከገሳይ ወዲያ ያደጉ፣ ሙሉ ዕድሜያቸውን ከከብት ጋር የኖሩ አዛውንት ናቸው። አቶ ዘውዱ አስጠሯቸው።

"አባባ ይሻው፣ እርስዎ ከብት ያውቃሉ። ጠረን ይሠራል ወይስ አይሠራም?"

"ኧረ ይሠራል እንጂ ጌታው! ላም ጥጃዋ የሞተባት እንደሆን ወተቷን ትይዛለች። ታዲያ ቆዳውን ገፈን፣ ጭድ ጠቅጥቀን፣ ጨው ነስንሰን እፊቷ እናቆምላታለን። ታሸተዋለች፣ ትልሰዋለች፣ የገዛ ጥጃዋ ይመስላትና ወተቷን ትለቀዋለች።"

አቶ ዘውዱ ከወንበራቸው ተነሡ። "የሟቹ ቆዳ!"

"የጥጃው፣ ጌታው" አሉ አባባ ይሻው፤ የሰውየው ዓይን አላማራቸውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ብርሃኑ ሲሞት ቡናማ ኮቱን አንበሳሜ ያለው ወንድሙ ደሞዜ "የወንድሜ ማስታወሻ" ብሎ ወስዶታል። ፈንታነሽ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልካ ለምናዋለች። "ሌላው ንብረት ይቅርብኝ፣ አንገትጌውን አንድ ጊዜ ላሽትተው" ብላለች። እምቢ ብሏታል። ይህን አንድ ቀን እያለቀሰች የነገረችኝ ለእኔ ነው። ለአቶ ዘውዱ የነገርኩትም እኔ ነኝ። ፈቃዴ በዚያው ቀን ተፈረመ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አቶ ዘውዱ "የመስክ ምልከታ" ብለው አንበሳሜ ሄዱ። ደሞዜም ለወንድሙ ሚስት የከለከለውን ኮት በአንድ አዲስ ካፖርትና በአንድ የቅጥር ተስፋ ለኃላፊው አስረከበ። ብርሃኑ ሸንቃጣ ሰው ነበር፤ አቶ ዘውዱ ደግሞ፣ ክብር ይግባቸውና፣ ወንበር ሲሰበር በምክንያትነት የሚነሡ ሰው ናቸው። እጅጌው ክርናቸውን በጥቂት አልፎ ቆመ። ቁልፉ ከቁልፍ ማስገቢያው ጋር ከሩቅ ተያየ። "የሟቹ ጠረን ከእኔው ጋር ይዋሐድ" በሚል ጥናታዊ ምክንያት፣ ኮቱን ዘጠኝ ቀን ቤታቸው ውስጥ ሳያወልቁ ሰነበቱ።

በአሥረኛው ቀን ኮቱን ለብሰው፣ የወንበሮቹን ፋይል በብብታቸው ይዘው ኮሪደሩ ላይ ቀረቡ። እኔም መዝጋቢ ሆኜ ከኋላቸው ቆምኩ። ፈንታነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻቸው። እጇ ላይ የነበረው እስክሪብቶ ወደቀ። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ከዚያም ፈሰሰ።

አቶ ዘውዱ ወደ ጆሮዬ ዘንበል አሉ። "ለቀቀችው!"

"እንባ ነው፣ ጌታዬ።"

"ያው ፈሳሽ ነው፤ ጻፍ!"

"ይህን ኮት ከየት አመጡት?" አለች ፈንታነሽ።

"ወይዘሮ ፈንታነሽ፣ መጀመሪያ የተሰማዎትን ቢገልጹልኝ።"

"ያውልቁት።"

"በዚህ ብርድ?"

"ያውልቁት አልኩ!"

አወለቁት። በመሥሪያ ቤታችን ታሪክ ያለ ኮሚቴ የተፈጸመ የመጀመሪያው ውሳኔ ይህ ነው። ፈንታነሽ ኮቱን በሁለት እጇ አቅፋ ፊቷን አንገትጌው ውስጥ ቀበረች። ቆየች። ቀና ስትል ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

"የለም" አለች። "ብርሃኑ የለበትም። ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።"

አራት ዓመት ሙሉ የናፈቀችውን ነገር የዘጠኝ ቀን ጥናት በልቶት ነበር። አቶ ዘውዱ ግን ኃላፊ ናቸውና ማብራሪያ አላጡም።

"ሳይንስ ትዕግሥት ይፈልጋል። አባባ ይሻው እንዳስረዱኝ ላሚቱም ብትሆን መጀመሪያ..."

"ላሚቱ?" ፈንታነሽ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። "እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፣ አቶ ዘውዱ። ጭድ የተሞላ ቆዳ እላም ፊት ስንት ጊዜ አቁሜያለሁ። የሚቆመው ለምን እንደሆነ አልነገሩዎትም? ሊያልቧት ነው። ወደዋት አይደለም።"

ኮቱን ይዛ ወደ ግቢው ወጣች። አባባ ይሻው ከማማቸው ሥር ተነሥተው መንገዷ ላይ ቆሙ።

"ይቅር በይኝ ልጄ። እኔ ያወራሁ ስለ ላም ነበር።"

"እርስዎ ምን አጠፉ፣ አባባ። ሳሙና ካለ ይስጡኝ።"

አዛውንቱ ዕቃ ቤቱን ከፍተው አንዱን የታሰረ ሳሙና ያለ ሞዴል 22 የወጪ ደረሰኝ ፈቱላት። እኔም ሄጄ ባልዲውን ያዝኩላት። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም፤ ይቅርታም አልጠየቅኳትም። በዚያ ቀዝቃዛ ውኃ ስታሽ እጇ በርበሬ መሰለ። ከኮቱ ኪስ ውስጥ አንዲት ቁራጭ ጠመኔ ወጣች፤ ጠርጋ ድንጋይ ላይ አኖረቻት።

ሁለት ጊዜ ካጠበችው በኋላ ድንገት እጇን አቆመች። አረፋውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ደግማ አሸተተችና እያለቀሰች ትስቅ ጀመር።

"ምነው?" አልኳት።

"ጠዋትና ማታ ነበር የሚታጠበው። ኮቱንም ቅዳሜ ቅዳሜ አጥብለት ነበር። ተማሪዎቹ 'መምህር ሳሙና' ይሉታል፤ ረስቼው ነበር!" አረፋ የያዘውን መዳፏን ወደ አፍንጫዬ ዘረጋችው። "የብርሃኑ ጠረን ይኸው ነው።"

ኮቱን ግቢው ውስጥ ባለው ሽቦ ላይ አሰጣችው። ሽቦው በአቶ ዘውዱ መስኮት ሥር ያልፋል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወጣች፣ ኮቱም ሞቆት መትነን ጀመረ። መስኮቱ ተከፈተ። አቶ ዘውዱ በሸሚዝ ብቻ ሆነው አንገታቸውን አወጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ትንፋሽ ሳቡ፣ አሁንም ደግመው ሳቡ። ከሁለት ወር ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ሸትቷቸው አያውቅም።

"አባባ ይሻው!" ብለው ተጣሩ። "ይህ ጠረን የማን ነው? ልቤን ሰረቀኝ እኮ! አላልኳችሁም ይሠራል? ባለቤቱ ማን እንደሆነች አሁኑኑ ይጣራልኝ!"

አባባ ይሻው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"የሟቹ ነው፣ ጌታው።"

ከሰዓት በኋላ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት አዘጋጀሁ። "ጠረን ልብን እንደሚስብ በተግባር ተረጋግጧል፤ ሳቢው ሟቹ መምህር ብርሃኑ፣ ተሳቢው የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ናቸው" የሚል አንቀጽ አገባሁበት። አቶ ዘውዱ እንደ ሁልጊዜው ሳያነቡ ፈረሙ።