ሻርኩ ላይ የተንበረከክሁ ቀን

ዛሬ የሠራሁትን ጉድ ብነግራችሁ ውሸቷን ነው ትላላችሁ። ቁጭ በሉና ስሙኝ!

ሻርክ ላይ ተንበረከክሁ።

አዎ፣ ሻርክ። ከነሕይወቱ። በሁለቱም ጉልበቴ።

በአካል የምታውቁኝ «ይቺ ድምጿ የማይሰማው ልጅ?» ትሉ ይሆናል። እሷው ነኝ። አፍ ያለኝ ፌስቡክ ላይ ብቻ ነው። ሰው ፊት ስቆም ከአፌ የምትወጣው ቃል አንዲት ናት፦ «ያ»። እዚህ ኖርዌይ «አዎ» ማለት ናት። በዚህች ቃል ምክንያት የቸርች መዘምራን ውስጥ ገብቼ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አፌን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ!

ወደ ጉዴ ልመለስ።

የአክስቴ ልጅ ሳራ እዚሁ ኦስሎ ነው የተወለደችው። ቬስትሊ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ቤት ነው የምንኖረው፣ ክፍላችንም ጎን ለጎን ነው። ከእሷ ሌላ ጓደኛ የለኝም። ሰኞ ለትምህርት በርገን ወደሚባል ሌላ ከተማ ትሄዳለች፤ የባሕር እንስሳት ልታጠና።

ዳይቪንግ፣ ባሕር ውስጥ መጥለቁን ማለቴ ነው፣ ያስጀመረችኝ እሷ ናት። እኔ ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። የኮርሱን መጽሐፍ ከሥራ ስመለስ እየጠበቀች፣ ገጽ በገጽ በአማርኛ እያስረዳች አስጨረሰችኝ።

ዛሬ አብረን የምንጠልቅበት የመጨረሻ ቀን ነበር። እኔን ከሻርክ ጋር ፎቶ አንስታ በርገን ክፍሏ ውስጥ ልትሰቅለው ነበር። ይህን ስትነግረኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ሻርክ ስላችሁ ፊልም ላይ ሰው የሚበላው አይምሰላችሁ። የእኛ ፊዮርድ፣ ኦስሎ ድረስ የሚገባው ባሕር፣ ውስጥ ያለው ክንድ የሚያህል፣ ነጠብጣብ ያለበት ነው። ቀን ቀን ባሕሩ ወለል ላይ ተኝቶ ይውላል። መልኩ ከአሸዋው አይለይም። ሰው አይነካም።

ሰው ነው እንጂ የሚነካው።

የዳይቪንግ ክለባችን መሪ ሄንሪክ ከመግባታችን በፊት እኔን እያየ፣ «ሻርኩን ያላየ ሰው እጁን እንዲህ ያወዛውዝ፤ ደግሜ አሳየዋለሁ። አያሳፍርም» አለ።

«ያ» አልኩ።

ወረድን። ውሃው አረንጓዴ፣ ጨለም ያለ፣ ብርዱ አጥንት ድረስ የሚገባ። ሄንሪክ ባትሪውን ወደ ታች አበራ። ሳራ ክንዴን ጨመቀችው። ዓይኗ መነጽሩን ሰብሮ ሊወጣ!

አየሁ። አሸዋ።

ደግሜ አየሁ። ድንጋይ፣ ትንሽ የባሕር ሣር፣ አሸዋ።

ሄንሪክ በጣቱ «ኦኬ?» አለኝ። ኦኬ! ሳራም «ኦኬ?» አለችኝ። ኦኬ! እንዲያውም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ራሴን በአድናቆት ነቀነቅሁ። ለካ ይሉኝታ ውሃ ውስጥም ይከተላል!

ሳራ ካሜራዋን አነሳች። ከጎኑ ሁኚ አለችኝ፣ በእጇ።

ከማን ጎን? ካላየሁት ሻርክ ጎን!

ለጥ ያለ፣ ንጹሕ ቦታ መረጥሁ። ቀስ ብዬ ተንበረከክሁ።

አሸዋው ዓይን ነበረው።

ከሥሬ ተስፈንጥሮ ወጣ፣ በጭራው መነጽሬን በጥፊ መትቶ ጠፋ። ጭቃው ተነሳ። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አላየም። ፎቶው ላይ ያለው ቡናማ ደመና ነው። ከደመናው ውስጥ አንድ እጅ ወጥቷል።

የእኔ ነው። ኦኬ እያልኩ!

ዳር ስንወጣ ሄንሪክ ሳቀ። «አይዞሽ፣ ሻርኩ ደህና ነው» አለኝ። ሳራ አልሳቀችም። አፍ የከፈተችው ወደ ቤት ስንመለስ፣ ሜትሮ ውስጥ ነው።

«አላየሽውም ነበር፣ አይደል?»

የቦርሳዬን ዚፕ ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

«የሻርኩስ ይቅር፣ ግድ የለኝም። ግን ዓመት ሙሉ ደስ ይልሻል ወይ ስልሽ ‹ያ› ስትይኝ ነበር። እሱም እንደዚህ ነበር? ውሃው ያስጠላሻል?»

«ያ» አልኩ።

ይቺ እንኳን እውነት ነበረች። ብርዱ ያስጠላኛል። ልብሱ አንገቴን ያንቀኛል።

ፊቷ ተለወጠ። «ታዲያ ለምንድነው የምትመጪው?»

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። አንቺ ስለምትጠሪኝ። ሌላ የሚጠራኝ ሰው ስለሌለኝ።

ምን ብል ጥሩ ነው?

«ሻርክ ለማየት።»

ሳራ የጆሮ ማዳመጫዋን አደረገች። እስከ ቬስትሊ አንድ ቃል አልተናገረችም።

አሁን ክፍሏ ውስጥ ካርቶን እያሸገች ነው። ፕላስተሩ ሲላጥ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። እኔ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ለእናንተ እጽፋለሁ። ትስቁ ይሆናል፣ ላይክም ታደርጉ ይሆናል። ሳራ ግን ይህን አታነበውም። አማርኛ መናገር እንጂ ማንበብ አትችልም። እዚህ እንደ ልቤ የምዘባርቀውም ለዚህ ነው፣ ምን እዋሻችኋለሁ።

ባሕር ውስጥ ለመጥለቅ ኮርስ አለ። የሰው በር አንኳኩቶ «የመጣሁት ላንቺ ብዬ ነው» ማለትን የሚያስተምር ቦታ የምታውቁ ካላችሁስ፣ እባካችሁ ከሰኞ በፊት ትጠቁሙኛላችሁ?