ለልምምድ የተሾመው ዘበኛ

(የአንድ አሮጌ ትምህርት ቤት ቢሮ። ዳይሬክተሩ ነገ ጠዋት ትምህርት ቢሮ ሄዶ ኃላፊውን የማደሻ ገንዘብ ይጠይቃል። የተፈቀደለት አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። ንግግሩን ሳምንት ሙሉ አጥንቷል፤ አሁን ሽማግሌውን ዘበኛ በኃላፊው ቦታ አስቀምጦ ሊለማመድ ነው።)

ዳይሬክተሩ፦ እንደሱ አይደለም አባባ! ኃላፊ ተንጋሎ ነው የሚቀመጠው።

ዘበኛው፦ ወንበሩ እግሩ ሦስት ነው። ብንጋለል ነገ እኔን ሊያሳክሙ ነው።

ዳይሬክተሩ፦ በቃ፣ ፊትዎን ብቻ ኮስተር ያድርጉ። አንኳኩቼ እገባለሁ።

(ወጥቶ ያንኳኳል። ደግሞ ያንኳኳል።)

ዳይሬክተሩ፦ (አንገቱን አስግጎ) አባባ፣ ተኙ እንዴ?

ዘበኛው፦ ስብሰባ ላይ ነኝ።

ዳይሬክተሩ፦ ብቻዎን?

ዘበኛው፦ ጠብቅ ተባልክ፣ ጠብቅ!

ዳይሬክተሩ፦ እኔን? «አንተ»?

ዘበኛው፦ ይቅርታ ጌታዬ፣ ሹመቱ አዲስ ሆኖብኝ ነው። ይግቡ።

ዳይሬክተሩ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ከወረቀት እያነበበ) ክቡር ኃላፊ! ትምህርት የሀገር ምሰሶ እንደመሆኑ መጠን፣ ትውልድን...

ዘበኛው፦ ስንት ክፍል ያፈሳል?

ዳይሬክተሩ፦ ገና መግቢያው ላይ ነኝ እኮ!

ዘበኛው፦ ደቂቃው እየሄደ ነው። ስንት?

ዳይሬክተሩ፦ በርካታ።

ዘበኛው፦ በርካታ ስንት ነው?

ዳይሬክተሩ፦ ብዙ ነዋ!

ዘበኛው፦ የተሰነጠቀው የትኛው ግድግዳ ነው?

ዳይሬክተሩ፦ የ... የወዲያኛው።

ዘበኛው፦ አጣርተህ በደብዳቤ አቅርብ። ቀጣይ ይግባ!

ዳይሬክተሩ፦ (ጠረጴዛውን ደብድቦ) ምን ዓይነት ልብ ነው ያለዎት? ዝናቡ ሳይገባ ካልታደሰ እነዚያ የአንደኛ ክፍል ሕፃናት ግድግዳ ሊወድቅባቸው ነው!

ዘበኛው፦ እሱን ነበር መጀመሪያ ማለት።

(ዳይሬክተሩ ላቡን እየጠረገ ይቀመጣል።)

ዳይሬክተሩ፦ ይሄን ሁሉ ከየት ተማሩት?

ዘበኛው፦ እዚህ ሳልቀጠር ትምህርት ቢሮ በር ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ቆሜያለሁ። ባለጉዳይ ሲወጣ ፊቱን አይቼ ማግኘት አለማግኘቱን አውቅ ነበር። ወረቀት አንብቦ ያገኘ አላየሁም።

ዳይሬክተሩ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) እኛ ግን... ስንት ክፍል ነው የሚያፈስብን?

ዘበኛው፦ ሰባት። በዘነበ ቁጥር ባልዲ የምደቅነው እኔ አይደለሁ? አንደኛ «ሀ» ብቻውን አራት ባልዲ ይፈልጋል። የዚያው ክፍል የጓሮ ግድግዳ ስንጥቅ አምና ጣቴን አያስገባም ነበር፤ ዘንድሮ መዳፌ ይገባበታል። ከሥሩ የሚቀመጡትን ስድስት ልጆች መምህሯን ለምኜ ወደ በሩ አስጠግቻቸዋለሁ።

(ዳይሬክተሩ በመስኮቱ ወደ ጓሮ ያያል። ግድግዳው ከዚያ አይታይም።)

ዳይሬክተሩ፦ ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?

ዘበኛው፦ ሦስቴ መጣሁ። «ንግግር እያጠናሁ ነው፣ አይረብሹኝ» አሉኝ።

(ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ይከታል። ኮቱን አውልቆ ለዘበኛው ያለብሰዋል።)

ዳይሬክተሩ፦ ነገ የሚገቡት እርስዎ ነዎት።

ዘበኛው፦ እዚህ በሩን ማን ይጠብቃል?

ዳይሬክተሩ፦ እኔ እጠብቃለኋ!

ዘበኛው፦ (ኮቱን እየቆለፈ፣ ከላይ እስከ ታች አየት አድርጎት) ልምድ አለዎት?