አምፖል አጥፊው ጋሽ ዓባይነህ

ጋሽ ዓባይነህ የመብራት ሰላይ ናቸው ሲባል እንጅባራ ውስጥ ያልሰማ የለም። የራሳቸው ቤት አንድም አምፖል የለውም፤ ራታቸውን የሚበሉት በመነጽራቸው ነጸብራቅ ነው ይባላል።

ውሸት ነው። ወሬው የተወለደው ሦስተኛ ፎቅ፣ ስሜነሽ ፀጉር ቤት፣ የአንዲት ሙሽራ ጭንቅላት ካስክ ውስጥ እንዳለ መብራቱ የጠፋ ዕለት ነው፤ ስሜነሽ በጋሽ ዓባይነህ አሳበበች። ጋሽ ዓባይነህ ከደረጃው ሥር ሬዲዮና ሞባይል የሚጠግኑ፣ የሕንፃው ቆጣሪዎች ሁሉ ከራሳቸው በላይ የተሰቀሉባቸው ሰው ናቸው። "ትልልቅ ሕንፃዎች የሚበሉትን መብራት እየመዘገቡ በየወሩ ሪፖርት ያድርጉ" የሚል ደንብ ሲመጣ የሕንፃው ባለቤት አቶ ተሻገር፣ "እርስዎ እንደሆን ቀና ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብዎት" ብለው ሾሟቸው። ቀና አሉ፤ ከዚያ ወዲያ አንገታቸው አልተመለሰም።

መቼም አምፖል አጥፊ የሌለው ሕንፃ የለም። ያለ ሹመት ያጠፋ የነበረ ሰው ሲሾም ግን ጉድ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚሰበሰቡት ምእመናን "ዓይናችንን ጨፍነን እንጸልይ" ሲባባሉ ክቡርነታቸው በሩ ላይ ነበሩ። ቀጭ! "ከጨፈናችሁ ይህ ለማን ነው የሚበራው?"

ቅጹ ላይ "ፍጆታው የቀነሰበት ምክንያት" የሚል ቦታ አለ። ሌላው ሕንፃ ሁሉ "በተከራዮቻችን ቁርጠኝነት" ብሎ ሲሞላ፣ እሳቸው "አራት ቀን መብራት ጠፍቶ" ብለው ጻፉ።

ይህን ሁሉ ሕንፃው ሲስቅበት ያልሳቀች ሙፊዳ ብቻ ናት። ምድር ቤት ዳቦ ትጋግራለች፤ ምድጃዋ ለብቻው የሦስት ፎቅ መብራት ይበላል። ደንቡ ደግሞ ሦስት ወር በተከታታይ ከስምንት ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ያለፈ ሕንፃ ዋነኛውን በላተኛ ያስወጣ ይላል። ሁለቱን ወር ሕንፃው ከልኩ አልፏል። ጋሽ ዓባይነህ በየጠዋቱ የእሷን ቆጣሪ አይተው፣ ጽፈው፣ ተንፍሰው፣ ሁለት ዳቦ ገዝተው ይሄዳሉ። ያቺ ትንፋሽ ናት ሙፊዳን የምትገድላት።

"ጋሼ፣ ትንሽ ዝቅ አድርገው ቢጽፉልኝስ?" አለች አንድ ቀን፣ ምራቂ ዳቦ ጨምራ።

"ልጄ፣ ቆጣሪ ዘመድ አያውቅም" አሉና ምራቂዋን መለሱላት።

ሦስተኛው ወር ሲያልቅ አቶ ተሻገር ተከራዩን ሁሉ እኩለ ቀን ላይ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሰበሰቡ። ሙፊዳ ምድጃዋን ተደግፋ ቆመች፤ የምትሰናበተው ትመስላለች።

ጋሽ ዓባይነህ መነጽራቸውን ጠርገው አነበቡ። "ሰባት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ አንድ።"

"አለፍን ማለት ነው?" አለች ስሜነሽ።

"አላለፍንም። በአሥራ ዘጠኝ ተረፍን።"

አቶ ተሻገር ግራ ገባቸው። "ዳቦ ቤቱ ቀነሰ?"

"እንዲያውም ጨምሯል።"

"ታዲያ ከየት መጣ?"

ጋሽ ዓባይነህ ደብተሩን ገለጡ። "ከደረጃው። ከመጸዳጃ ቤቱ። ሰው ሳይኖርበት ሲግል ከሚውለው ካስክ። ከጸሎቱም ትንሽ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሦስት ወር ሙሉ ለምድጃዋ ቦታ ሳስለቅቅ ነው የከረምኩት። እሷ ሳትመጣ ዳቦ ከዳንግላ በሚኒባስ ደርቆ ነበር የሚመጣልን፤ ረስታችሁት እንደሆን ጥርሴን ጠይቁት።" አፋቸውን ከፈት አድርገው ክፍተቱን አሳዩ።

ስሜነሽ፣ የሰላይነቱ ወሬ እናት፣ ዓይኗን የምታሳርፍበት አጣች። ሙፊዳ ዞራ ምድጃውን ከፈተችና ትኩሱን ዳቦ በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ለጋሽ ዓባይነህ ሦስት ሰጠቻቸው፤ ምራቂዋን በዚህ ቀን አልመለሱም። ቤቱ በሳቅና በማላመጥ ተሞላ፤ ዳቦ ያልያዘ አፍ አልነበረም።

ጋሽ ዓባይነህ አንዱን ቆርሰው እፍ እያሉ፣ እንደ ልማዳቸው ወደ ዳቦ ቤቱ አምፖል ቀና አሉ። ውጭ ፀሐይዋ አስፋልቱን ታነድደዋለች።

"ይህ ለማን ነው የሚበራው?"