ባነር ያስያዝኳት ልጅ

እስቲ ዛሬ የሆንኩትን ስሙ! ግን ከመሳቃችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡ። እኔም እየሳቅኩ ልጽፈው ነበር፣ አልሆነልኝም።

ዛሬ እሑድ ጠዋት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በተዋስኩት ነጠላ ተሸፋፍኜ፣ ሕዝብ ፊት ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁ።

እኔ! አፌን የማልይዘው ሴትዮ!

ሥራዬን ታውቃላችሁ። የልጆች ጥበቃ የኦንላይን ሥልጠና ነው የማስተዋውቀው። የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤቶችን፣ በጎ አድራጎት ማኅበራትን እየዞርኩ «ነጻ ነው፣ በስልካችሁ ነው የምትወስዱት፣ ተመዝገቡ» እያልኩ እለምናለሁ። ዘንድሮ ከዓለም ከተማ እስከ ቀየት ያላንኳኳሁት ቢሮ የለም። ያ መንገድ ወገቤን ጨርሶታል።

አሁን ያለሁባትን ከተማ ስም ግን አልነግራችሁም። ሰሜን ሸዋ፣ ጊሼ ወረዳ ውስጥ ናት፣ ይብቃችሁ። ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።

ሐሙስ ዕለት የቀበሌውን ምክር ቤት አባላትና የአንድ ማኅበር ሰዎችን አዳራሽ ሰበሰብኩ። ማኅበሩ ከገጠር መጥተው ለሚማሩ ልጆች የቤት ኪራይ ይከፍላል። እዚህ አገር ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ልጅ ከቤቱ ወጥቶ ከተማ ክፍል ይከራያል፤ ወላጅ በገበያ ቀን ስንቁን ያደርስለታል። ልጆቹ ብቻቸውን ናቸው፤ ስልክ ደግሞ አላቸው። ሥልጠናው ለምን እንደሚያስፈልግ ገባችሁ አይደል?

ስብሰባው ግሩም ነበር። ኔትወርክ እንኳን አልጠፋም!

ያጠፋኝ ፎቶው ነው።

በእኛ ሥራ ፎቶ ያልተነሳበት ስብሰባ እንዳልተሰበሰበ ነው የሚቆጠረው። ባነር ይሰቀላል፣ ሰው ይቆማል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሪፖርት ላይ ይለጠፋል። የምክር ቤት ሰዎች ደግሞ ካሜራ ሲያዩ ለቅሶ ቤት የተቀመጡ ይመስላሉ። ስለዚህ ወንበር ልትደረድርልን የመጣች፣ ማኅበሩ ኪራይ የሚከፍልላት አንዲት የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ጠራሁ። ዩኒፎርሟን ለብሳለች፣ ፊቷ ደስ ይላል።

«የኔ ቆንጆ፣ እስቲ ባነሩን ያዥልኝ» አልኳት። ያዘችልኝ።

ባነሩ «በኢንተርኔት ጥቃት የደረሰባቸውን ልጆች እንታደግ» ይላል።

እኔ ደግሞ አላረፍኩም፣ ፎቶውን ገጼ ላይ ስለጥፈው ካፕሽን ጨመርኩበት። «ከእንግዲህ ዝም አትልም!»

ወይ እኔ!

ልጅቷ እኮ ምንም አልደረሰባትም። ወንበር ነው የደረደረችው።

ለጥፌው ስጨርስ ቢሮ ለቢሮ እየዞርኩ «ሼር አድርጉልኝ» አልኩ። ሥልጠና ሲባል ሲያዛጉ የዋሉ ሰዎች ሼር ሲባል ፈጠኑ። የሥልጠናው ሦስተኛ ስላይድ ምን እንደሚል ልንገራችሁ? «የልጅን ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ አትለጥፉ።» ስላይዱን የሠራሁት ራሴ ነኝ።

ቅዳሜ ገበያ ነበር። ያረፍኩበት አልቤርጎ በር ላይ ቁጭ ብዬ ፍርፍሬን ስበላ አንድ ገበሬ መጥተው ፊቴ ቆሙ። ልጅቷ ከኋላቸው አለች። ብርድ ልብሷን ጠቅልላ ተሸክማለች፣ ዓይኗ አብጧል።

አባቷ ናቸው። በግ ሊሸጡ ገበያ ወጥተው፣ አንዱ ስልኩን አውጥቶ «ይቺ ያንተ ልጅ አይደለችም እንዴ? ምን አግኝቷት ነው?» አላቸው።

«ልጄ ምን ደረሰባት?» ብለው ጠየቁኝ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«ምንም! ምንም አልደረሰባትም አባቴ!»

«ታዲያ ለምን ደረሰባት አልሽ?»

ሳህኑን ገፍቼ ተነሳሁ።

«አሁኑኑ አጠፋዋለሁ» ብዬ ስልኬን አወጣሁና ዓይናቸው እያየ ዲሊት አደረግሁት። እንዲያረጋግጡ ስልኩን ሰጠኋቸው። የእሷ ሲጠፋ ከሥሩ ያለው ፎቶ መጣ። የልጄ ልደት።

«ይቺስ የማን ናት?»

«የኔ ናት።»

«ፊቷ የታል?»

የልጄን ፊት በአበባ ስቲከር ሸፍኜ ነው የምለጥፈው። ሁሌም! ባለሙያ ነኛ!

«ሸፍኜው ነው።»

«ለምን?»

«ሰው እንዳያያት…»

ስልኬን መለሱልኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፣ እውነቴን ነው።

በእጃቸው ገበያውን እያሳዩ፣ «ካንቺ ስልክ ጠፋ። ከገበያው ማን ያጠፋዋል?» አሉ። «አገሩ ሁሉ የእገሌ ልጅ ከተማ ገብታ ተበላሸች እያለ ነው። ከእንግዲህ ምን ብዬ ብቻዋን ልተዋት? ቤቷ ትግባ።»

ልጅቷ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች። ዓመቱ ሊያልቅ ምን ቀረው! አንዴ ከወጣች ደግሞ ማን ይመልሳታል?

ለመንኳቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። በስንት ልመና «ነገ እዚሁ ነው የማስቀድሰው» አሉ። «ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ይቆማል። በራስሽ አፍ ተናገሪ። ሰው ካመነሽ ትቆያለች። ካላመነሽ ይዣት እሄዳለሁ።»

ከዚያማ ሐሙስ «ሼር አድርጉልኝ» ያልኳቸውን ሰዎች ቅዳሜ ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ «አጥፉልኝ» እያልኩ ስለምን ዋልኩ። የቀበሌው የኮሙኒኬሽን ሠራተኛ «እንዴ እኅቴ! ገጻችን እንደዚህ ላይክ አግኝቶ አያውቅም እኮ!» አለኝ። የማኅበሩ ሰብሳቢ «ሪፖርት ውስጥ ገብቶ ወደ ላይ ሄዷል» አሉኝ። አንድ የምክር ቤት አባል ደግሞ ሼር ማድረግ እንጂ ማጥፋት እንደማይችሉ በትሕትና ነገሩኝ። እኔው አጠፋሁላቸው። ያላገኘሁት ሰው ስንቱ ነው!

ዛሬ ጠዋት የአልቤርጎዋ ባለቤት ሱሪዬን አይታ «በዚህ ነው ይቅርታ የምትጠይቂው?» ብላ ቀሚስና ነጠላ አዋሰችኝ። ቄሱ ፈቀዱልኝና ማስታወቂያ የሚነገርበት ቦታ ቆምኩ። ሰዉ ነጭ ለብሶ ግቢውን ሞልቶታል። ልጅቷ ከሴቶቹ መሀል ነች፤ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው።

አፌን ከፈትኩ።

«ክቡራትና ክቡራን ባለድርሻ አካላት…»

አዎ። አልኩት! ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ!

አንዱን ቄስ ሳል ያዛቸው። እኔ ግን እንባዬ መጣ። «ይቺ ልጅ ምንም አልደረሰባትም» አልኩ። «ወንበር ልትደረድርልኝ ነው የመጣችው። የዋሸሁባት እኔ ነኝ። ፎቶው እንዲያምርልኝ ብዬ ነው። አባቷን አላስፈቀድኩም፣ እሷንም አልጠየቅኋት።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

አንዲት አሮጊት «ልትሸፋፍንላት ነው እንጂ» ሲሉ ሰማሁ። ክው አልኩ። አለቀ፣ ልጅቷ ሄደች አልኩ በልቤ።

ይሄኔ ያ የኮሙኒኬሽን ሠራተኛ ስልኩን አነሳ። መጀመሪያ ወደ እኔ፣ ቀጥሎ ወደ ልጅቷ አዞረው። ለገጹ መሆኑ ነው!

«አውርድ!» ብዬ ጮኽኩ። «አውርድ ያንን ስልክ! ሁለተኛ አታነሳትም! ምንም ያልሆነች ልጅ ናት፣ ተዋት!»

በተዋስኩት ነጠላ፣ ዐውደ ምሕረት ላይ፣ እንደ ገበያ ሴት! በኋላ ሳስበው መሬት ብትውጠኝ አልኩ። ሰዉ ግን ወደ እሱ ዞሮ ተቆጣው፤ ስልኩን ኪሱ ከተተ። አሮጊቷም «ኧረ እውነቷን ነው» አሉ። ንግግሬን ያላመኑት ንዴቴን አመኑልኝ መሰለኝ።

አባቷ ወደ ፊት ወጡ። «ሰማችሁ?» አሉ።

«ሰማን» አለ ሰዉ። ቄሱ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉን።

አባቷ ከትከሻቸው የበሶና የቆሎ ከረጢት አውርደው ለልጅቷ ሰጧት። «እንኪ። ነገ ትምህርት አለሽ» አሏት። እኔ እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ስወጣ ልጅቷ በሩ ጋ ጠበቀችኝ። ልታመሰግነኝ መስሎኝ! አያችሁልኝ፣ አሁንም ምስጋና ነው የምጠብቀው!

«ፎቶው ጠፋ?» አለችኝ።

«ከኔ ጠፍቷል።»

«ከሌላው ሰውስ?»

ሥልጠናውን ከነስላይዱ በቃሌ እወጣዋለሁ። ለዚህ የሚሆን ስላይድ ግን የለኝም። ጭንቅላቷን ነቅንቃ ከረጢቷን ይዛ ሄደች።

መልሱ ያለው እናንተ ጋ ነው። ሐሙስ ስለጥፈው «ጀግናዬ!» እያላችሁ ሼር ያደረጋችሁት ብዙ ናችሁ። ዛሬ ላይክ አልፈልግም፣ «አይዞሽ» አትበሉኝ። ገጻችሁን፣ ጋለሪያችሁን፣ የቤተሰብ ግሩፓችሁን ከፍታችሁ እዩ፤ ካለች አጥፉልኝ።

ነገ ደግማ ብትጠይቀኝ ምን ልበላት?